የፍየል ሥጋና «ደካማዋ» እናቴ

ነገሌ ቦረና ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን ለአሥራ አንድ ዓመት የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ መምህርነት ነው፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። ጸሐፊ ያደረጉኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብና እምቢ ማለት ስለማልችል ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ የጠመኔውን ዱቄት ከእጄ ሳላራግፍ፣ ሄጄ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ ሲግል ውሎ እኛ ስንገባ ሙቀቱን ይለቅብናል። ላባችንን እየጠረግን መጽሐፍ ቅዱስ እንገልጣለን፤ ከዚያ እንከራከራለን።

ያልተከራከርንበት ነገር የለም። እግዚአብሔር የሚድነውን ሰው አስቀድሞ ከመረጠ እኛ ለምን እንሰብካለን? በልሳን ያልተናገረ ሰው መንፈስ ቅዱስ አለው ወይ? ሴት ሳትከናነብ ትጸልይ? ሁለት ሚስት ያለው ሰው ሲያምን የትኛዋን ይተው? አንዱም ጥያቄ አልተፈታም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ደክሞኝ ነበር፤ አሁንም ሳስታውሰው ይደክመኛል። የምጽፈው ግን ስለዚያ ሁሉ አይደለም፤ ስለ ፍየል ሥጋ ነው። በፍየል ሥጋ ምክንያት ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ሰው አጣች፤ ያሳጣኋትም እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ነገሌ ውስጥ ደግሞ ሁለቱም የሚኖሩት አጥር ለአጥር ስለሆነ ለሠርግም ለሐዘንም ሁለት ድስት ይጣዳል። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ሙስሊም ጎረቤቱን ጠርቶ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም ሲድር እንዲሁ ያደርጋል። ማንም በማንም አይቀየምም። እኛ ጴንጤዎቹ ከድሮው ቤታችን ስንወጣ ጾሙን ትተናል፣ ማተቡን በጥሰናል፤ ይህቺን ልማድ ግን ይዘናት ወጥተናል። ለምን እንደያዝናት ማንም ጠይቆ አያውቅም።

እናቴ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነበር። የደጋ ሰው ናት፤ አባቴን ተከትላ ወደዚህ ቆላ ወርዳ፣ እዚሁ አምና፣ እዚሁ አረጀች። ከአጥራችን ማዶ ሱቅ ያላት አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረቻት። ይህቺ ሴት እናቴን «አዮ» ነበር የምትላት፤ በኦሮምኛ እናቴ ማለቷ ነው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «አካም፣ ናጋ?» ይባባላሉ፤ ከዚያ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያደባለቁ ግማሽ ቀን ያወራሉ። የሙስሊሞች በዓል ሲደርስ ጎረቤቷ ሥጋ አትልክላትም፤ እግሩ የታሰረ ዶሮ በሕይወቱ ትልክላታለች። እናቴ በእኔ እጅ አሳርዳ ትሠራዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚህ ሲኖሩ ጥቅስ የጠቀሰ አልነበረም።

ወንጌላዊያችን የሊበን ቆላ ልጅ ነበር፤ ከእኔ በሁለት ወይ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ቀጭን፣ ረጅም፣ መንገድ የማይሰለቸው ሰው። አማርኛው ሲሰባበር እንስቅበታለን፤ በኦሮምኛ ሲሰብክ ግን ዝም ብለን እንሰማለን። በየወሩ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ተበትነው ያሉትን አማኞች ሊጎበኝ ይሄዳል፤ ሲመቸው በጭነት መኪና፣ ሳይመቸው በእግሩ። ከስብከት ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረም፤ ሌላ ሥራም አይፈልግም።

አንድ እሑድ ምስክርነት አለኝ ብሎ ተነሣ። ዝናብ መንገዱን ቆርጦት ሦስት ቀን ከአንድ አዛውንት ሙስሊም የከብት ነጋዴ ቤት ማደሩን ነገረን። እኚህ ሰው ከዚያ በፊትም ያስጠጉት ነበር። እሱ ግን ምግብ ሲቀርብለት ሆዴን ያመኛል እያለ ሻይና ወተት ብቻ ይጠጣ ነበር። «አምስት ዓመት ዋሸኋቸው» አለ። በሁለተኛው ቀን አዛውንቱ ራሳቸው ፍየል እየጎተቱ መጥተው፣ ዛሬስ ሆድህ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። አፈረ፤ ደህና ነው አላቸው። አረዱለት፤ በላ። ከበላ በኋላ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እስቲ ያንተ መጽሐፍ ምን ይላል አሉት። ይህን ሲናገር ፊቱ በደስታ ይበራ ነበር።

አሜን ሊል የተዘጋጀው ሁሉ አፉን ዘጋ። አንዲት ሴት ብቻ ልማድ ሆኖባት ሃሌሉያ አለች። ወንጌላዊው ግራ ቀኝ አየና፣ ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ተቀመጠ። ከሰው ደብቆት ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠይቀውም ነበር። እሱ ግን የእግዚአብሔር ሥራ መስሎት በአደባባይ ተናገረው።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጉዳዩ ጉባኤው ፊት ቀረበ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ ይህ ሰው መስበኩን ይቀጥል ወይስ ያቁም? ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበሩ፤ ድፍን ከተማውን መርፌ የወጉ ሰው። እሳቸው የሐዋርያት ሥራ ላይ ቆሙ፤ ለጣዖት ከተሠዋ ራቁ ተብሎ ተጽፏል አሉ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተርም ሽማግሌ ነበር። እሱ ደግሞ ሙስሊም ለጣዖት አያርድም፤ ስለዚህ ይህ ቃል እዚህ አይሠራም አለ። ታዲያ በማን ስም ነው የሚያርደው አሉ ድሬሰሩ። እዚህ ላይ ክርክሩ ፍየሉን ትቶ ሰማይ ወጣ፤ ከሰማይ እስኪወርድ ስድስት ሐሙስ ፈጀብን።

ከሰማይ ሲወርድ ደግሞ ቆሮንቶስ ገባ። ጳውሎስ በገበያ የሚሸጠውን ሳትጠይቁ ብሉ ይላል፣ አለ ዳይሬክተሩ። ገበያ ሌላ ቤት ሌላ፣ አሉ ድሬሰሩ። ያላመነ ሰው ቤቱ ቢጠራችሁም ያቀረበላችሁን ብሉ ይላል፣ ብሎ ቀጣዩን ቁጥር አነበበላቸው። እሳቸውም ከዚያ የሚቀጥለውን አነበቡለት፤ ስለ ሌላው ሰው ሕሊና ሲባል አትብሉ የሚል ነው። አንድ ዝምተኛ ዲያቆን፣ በደርግ ጊዜ ለእምነታችን ስንታሰር ከሙስሊም እስረኞች አገልግል የበላነውስ ብሎ ጠየቀ። ድሬሰሩ እሳቸው በዚያ ንስሐ እንደገቡ ተናገሩ። መቼ እንደገቡ ግን ማናችንም አናውቅም።

ድሬሰሩ ክፉ ሰው እንዳይመስሉ። ለእምነታቸው ሲሉ የተገረፉ ሰው ናቸው፤ ጀርባቸውን አይቼዋለሁ። ያንን ሁሉ የቻሉለት ነገር ቀስ በቀስ እየላላ በእጃቸው እንዳያልቅ ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ያደከመኝ ክርክሩ የማያልቅ መሆኑ ነው። ወንጌላዊው በነዚያ ወራት ሁሉ እሑድ እሑድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውሳኔ ይጠብቃል። ስንገናኝ ምን ደረሳችሁ ብሎ ይጠይቀኛል፤ ሮሜ ምዕራፍ አሥራ አራት እለዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቅ ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሄዶ የመኸሩ ሲቃረብ፣ ነገሩ በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሥጋው በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ ድሬሰሩም ሳይወዱ ተቀበሉ። የቀረችው ነጥብ ደካማው ወንድም ነች፦ የጠነከረው ሰው በልቶ እምነቱ የደከመውን እንዳያሰናክል። ዳይሬክተሩ መጽሐፉን ዘጋና፣ እሺ፣ ደካማው የታለ? አንድ ሰው አሳዩኝ፤ ከሌለ ግን ሰውዬው በመጪው እሑድ ይስበክ አለ።  ድሬሰሩ ጥቂት አሰቡና፣ ቤት ለቤት እየዞረ ደካሞችን የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም አሉ።

ኮሚቴ ሲባል ማን እንደሚዞር አወቅኩት። ጸሐፊው የኮሚቴ ሁሉ አባል ነው፤ ያለ እኔ ተቋቁሞ አያውቅም። ቤቴ የሁለት ክፍል ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ይጠብቀኛል። ራሴን ያመኛል። በዚህ ፀሐይ በየግቢው እየገባሁ ሰውን፣ እርስዎ እምነትዎ ደካማ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅ ታየኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ቤት ለቤት ምን አዞረን? የእኔ እናት አለች» አልኩ። «ያንን ሥጋ ከበላ እጅ የጌታን እራት አትወስድም።»

እናቴን አልጠየቅኳትም። እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ስለ ወንጌላዊው ከእሷ ጋር አውርተን እንኳ አናውቅም። ድሬሰሩ በእፎይታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳይሬክተሩ ትኩር ብሎ አየኝ፤ ግን የሰው እናት ይዞ መከራከር ከበደው። ደካማዋ ተገኘች። ወንጌላዊው በጉባኤ ፊት ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከማገልገል ይታቀብ የሚለውን ቃለ ጉባኤ እዚያው ጻፍኩ፤ በጊዜም ቤቴ ገባሁ።

ለወንጌላዊው የነገርነው ሦስት ሆነን ነው። ስለ እናቴ አላነሣንም፤ ስለ ደካሞች ሲባል ብቻ አልነው።  ይቅርታ በሉኝ ካላችሁ ይቅርታ እላለሁ፤ በመብላቴ ግን ንስሐ አልገባም አለ። «ንስሐ ከገባሁ እኮ እነዚያን ሰዎች ኃጢአት አበላችሁኝ ማለቴ ነው።» ድሬሰሩ መለሱለት፣ እሱም መለሰላቸው፤ ከዚያ ሁላችንም ደክሞን ተነሣን። በወሩ ዶሎ ኦዶ ሄዶ በስደተኞች እርዳታ መጋዘን ውስጥ ዱቄትና ዘይት ተረካቢ ሆነ። እዚያም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ግን አይሰብክም አሉ። የታገደ ሰው ነኝ ይላቸዋል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የጉባኤ ምስጢር ነገሌ ውስጥ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ገበያ አይቆይም። ለእናቴ የነገረቻት ጎረቤቷ ናት። በአጥሩ ላይ፣ እየፈራች፣ «አዮ፣ ያ ሰውዬ በእርስዎ ምክንያት ነው የተባረረው ይላሉ፤ የእኛን ሥጋ የበላ እጁ አስጠልቷቸው ነው ይላሉ። እውነት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ስጠይቃት አፈርኩ፣ ብላኛለች ጎረቤቷ በኋላ። እናቴ ምን እንደመለሰችላት አልነገረችኝም። ከሥራ ስገባ ግን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እኔ ያንን ሥጋ የማልበላው ስላልለመድኩ ነው» አለችኝ። «ሆዴ ነው እንጂ እምነቴ አይደለም። ማን ጠየቀኝ? በስሜ ለምን ተናገርክ?»

ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ፈተናው ወረቀት፣ ስለ ራስ ምታቴ ነገርኳት። ስናገረው ለራሴም አስጠላኝ። እሷ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በጉባኤ ያልከውን በጉባኤ መልሰው አለችኝ። እሺ አልኳት።

የጌታ እራት በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ነው። በዚያ ወር ትሪው በእናቴ ፊት ሲደርስ ሳትነካው አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት አሳለፈችው። ጽዋውንም እንዲሁ። ቤት ስንመጣ ምን ሆነሽ አልኳት። አንድ ወንድም በእኔ ምክንያት ከወደቀ አሰናካይዋ እኔ ነኝ፤ እሱ ሳይመለስ አልወስድም አለች። ያ እኛ ስምንት ወር የፈተልነው ጥቅስ እሷ እጅ ሲገባ ይህን ያህል አጭር ሆነ። እንዳትለምነኝ፣ አንተ ያልኩህን አድርግ አለችኝ።

አላደረግኩትም። እውነቱን ከተናገርኩ፣ ፈራሁ። ተነሥቼ ውሸት ነበር ብል ድሬሰሩ ምን ይሉኛል፣ ዳይሬክተሩስ ነገ በሥራ ቦታ በምን ዓይን ያየኛል እያልኩ አንድ ወር አለፈ፤ ሁለት ወር አለፈ። በስተመጨረሻ በአጀንዳው ላይ፣ ልዩ ልዩ በሚለው ሥር፣ «ከጌታ እራት ስለታቀበች እኅት» ብዬ አስገባሁት። ስለ ውሸቴ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ሌላ ክርክር ተከፈተ፦ በፈቃዱ ከጌታ እራት የሚቀር ሰው ይበድላል ወይስ አይበድልም? ራሱን ይመርምር የሚለው ለመቅረት ነው ወይስ ለመውሰድ? ዳይሬክተሩ አንድ ቀን፣ እናትህ ራሷ ለምን መጥታ አትነግረንም ብሎ ጠየቀኝ። አሟታል አልኩ። ይህኛው እንኳ እውነት ነበር፤ ስኳሯ ከፍ እያለ እግሯን ይዟት ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። እናቴ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በኋላ በኋላ በሰው ትከሻ ተደግፋ ትመጣለች። ትሪውን ታሳልፋለች፤ ትሄዳለች። የእኔን ፊት አታይም። እቤት ግን እንደ ድሮዋ ናት፤ ታጫውተኛለች፣ ትመርቀኛለች፤ ነገሩን ደግማ አላነሣችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ፣ ዶሎ ሩቅ ነው ወይ አለችኝ። ሩቅ ነው አልኳት። መኪና አይሄድም ወይ አለችኝ። ይሄዳል አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። በሳምንቱ ዐረፈች።

በእኛ ዘንድ ሬሳ ወደ መቃብር ሳይገባ የሟቹ የሕይወት ታሪክ ይነበባል። መቼና የት እንደተወለደ፣ መቼ እንዳመነ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ ይተረካል። የሚጽፈው የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ነው። ለብዙ ሰው ጽፌአለሁ፤ ደግ ነበሩ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ የሚሉት ቃላት ሳላስብ ይመጡልኛል። የእናቴንም ጻፍኩ። ወረቀቱን ይዤ መቃብሩ ጫፍ ላይ ስቆም፣ ከሕዝቡ ኋላ፣ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጎን ወንጌላዊው ቆሟል። አቧራ ለብሷል። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ በዱቄት መኪና ላይ ተጭኖ ነው የመጣው።

አነበብኩ። ከወረቀቱ መጨረሻ ስደርስ ያልተጻፈውን ጨመርኩ። እናቴ ደካማ አልነበረችም አልኩ። ያን ሐሙስ በስሟ የተናገርኩት ውሸት ነው፤ የተናገርኩትም ስብሰባው እንዲያልቅልኝ ብዬ ነው። ይህን ውሸቴን እንድመልስ ለምናኝ፣ ሳልመልስ፣ ሁለት ዓመት የጌታን እራት ሳትወስድ ሞተች። እስከ መጨረሻው ተናገርኩት።  ጎረቤቷ አዮ፣ አዮ እያለች ታለቅስ ነበር። ከዚያ አፈሩ ተመለሰ።

ከቀብር ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ጥግ ላይ ተሰበሰቡ። መጽሐፍ የገለጠ የለም። ድሬሰሩ ሻያቸውን እንደያዙ፣ እግዱ ይነሣ፣ የምትቃወሙ አላችሁ አሉ። የተቃወመ የለም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ሂድና ንገረው ብለው ላኩኝ።

ወንጌላዊው ከድንኳኑ ውጭ ከጎረቤታችን ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያራግፋል። አጠገቡ ተቀመጥኩና እግዱ መነሣቱን፣ ከፈለገ በመጪው እሑድ መስበክ እንደሚችል ነገርኩት። ስንት ሐሙስ ፈጀ ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ አልፈጀም፣ አሁን ሻይ ሲጠጡ ነው የወሰኑት አልኩት። ጫማውን አጠለቀ። ማሰሪያውን ቀስ ብሎ ቋጠረ።

«እንዲህ ቀላል ከነበረ» አለኝ፣ «እማማን ሁለት ዓመት ያስጠበቃቸው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

አላስተባበለኝም።